ዘር ነው ወይስ አፈር?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ለጠባይ ብቻ ብንጠቅሰው ባልከፋ ነበር። እኛ ግን ለበሽታም እንጠቅሰዋለን። ልጅ ሊታጭ ሲል፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘመድ በየጎረቤቱ እየዞረ ያጣራል። «እነሱ ቤት ቁምጥና አለ? የሚጥለውስ? ዝሆኔስ?» አንድ አጎት እግሩ ያበጠ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ልጅቱ ጤነኛ ናት፤ ግን ምን ዋጋ አለው? «ዘሯ ነው» ተብሏላ!

ኢሉባቦር ዝሆኔ ከሚገኝባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። መቱ በሉት ጎሬ፣ ዝናቡ የማይጠገብ፣ ቡናው የሚያስቀና፣ አፈሩ ቀይ ነው። በገበያ ቀን ቆም ብሎ እግር እግር ያየ ሰው፣ ጨርቅ ጠቅልሎ ከዳር የሚቀመጥ ሕመምተኛ አያጣም። ምክንያቱን ጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ነው። አንዱ እርግማን ነው ይላችኋል። ሌላው መተት ረግጦ ነው ይላል። ሦስተኛው ይጋባል ብሎ አብሮ አግዳሚ ላይ አይቀመጥም። አብዛኛው ግን «ዘር ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

እኔ በዚህ እምነት ላይ ልስቅ አልተነሣሁም። መሳቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ መፈተን ነው። እስቲ አንባቢዬ፣ ፈተናውን አብረን እናቅደው።

«አባቱም ወንድሙም ታመዋል፤ ስለዚህ ዘር ነው» የሚለው ማስረጃ አይበቃንም። ለምን? ቤተሰብ የሚጋራው ደም ብቻ አይደለማ! አንድ ማሳ ያርሳል፣ አንድ ጭቃ ይረግጣል፣ አንድ ድህነት ይካፈላል። አባት ጫማ ከሌለው ልጅም የለውም። ታዲያ ደሙን ከአፈሩ የሚለይልን ምንድን ነው? ማወዳደር! በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ፣ በሌላው ሁሉ የሚመሳሰሉ ሰዎችን ፈልጎ ጎን ለጎን ማቆም ያስፈልጋል።

ታሪኩ የሚጀምረው እንግዲህ ከገበያ ነው። ኡመን የተባለ ሐኪም በ56 የኢትዮጵያ ገበያዎች እግር አስቆጥሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አወጣ። የታየው ሕዝብ ሩብ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር፤ ከመቶው 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ቁም ነገር ግን ልዩነቱ ነው። በአንዱ ገበያ ከመቶ ግማሽ ሰው እንኳ አይሞላም፤ በሌላው ወደ ስድስት ይጠጋል። በሽታው የሚበዛው ዝናብ በማይለየው ደጋና ወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ሆነ። እርግማን ቀይ አፈር ይመርጣል እንዴ?

ሁለተኛው ማወዳደሪያ እዚያው ኢሉባቦር ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ጋምቤላ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት አካል ነበረች። ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ሲወረድ አገሩ ይሞቃል፣ ትንኙም ይበዛል። በሌላው ዓለም እግር የሚያሳብጠው በትንኝ የሚተላለፍ ቀጭን ትል መሆኑ ከታወቀ ቆይቶ ነበር። ትሉ በደም ውስጥ በብዛት የሚታየው ሌሊት ስለሆነ ሐኪሞች በሌሊት ደም እየቀዱ መረመሩ። በጋምቤላ ቆላ ትሉ ተገኘ። በደጋው ሕመምተኞች ደም ውስጥ ግን የለም! ባንድ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ስሙ አንድ፣ መልኩ ተመሳሳይ፣ ምክንያቱ ግን ሁለት የሆነ በሽታ ማለት ነው። ቆላውን ከደጋው ሳያወዳድር የፈረደ ሰው አንዱን ባንዱ መድኃኒት ሲያክም በኖረ ነበር።

ታዲያ የደጋው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ ዓመታት የደከመው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የሥጋ ደዌ ሐኪም ነው። የሕመምተኞችን የብሽሽት ንፍፊት አስመርምሮ በዓይን የማይታይ የአፈር ብናኝ አገኘበት። ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ፣ የሰውነት ፈሳሽ የሚመለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላል፤ ቧንቧው ሲጠብ እግር ያብጣል አለ። ይህን በሰው ላይ እንዴት ይፈትኑታል? መቶ ልጅ ጫማ አልብሶ፣ ሌላውን መቶ «እናንተ እስክታብጡ በባዶ እግር ሂዱ» ማለት ነው? ኅሊና ያለው ሰው አያደርገውም። ስለዚህ ፕራይስና አንድ ባልደረባው የአፈሩን ዋና ንጥረ ነገር፣ ሲሊካን፣ በጥንቸል ቧንቧዎች ውስጥ ጨመሩ። ቧንቧው ጠባሳ አውጥቶ ተዘጋ። ይህ ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ለበሽታው «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚለውን ስም ያወጣለትም ፕራይስ ነው፤ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን እግርንና አቧራን ያጣመረ ነው።

«ታዲያ ዘር የሚለው ውሸት ሆነ» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። አንድ ጭቃ እየረገጡ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ለምን ዳነ? ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከወላይታ 194 ሕመምተኞችንና ከዚያው አካባቢ 203 ጤነኞችን አወዳደሩ። አፈሩ አንድ፣ አገሩ አንድ። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን እንደታተመው፣ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩት ዘረ መሎች መካከል ልዩነት ተገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 የወጣ ጥናትም የሕመምተኛ እህት ወንድም ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል የተጋለጠ መሆኑን አሳይቶ ነበር።

እንግዲህ አያቶቻችን በግማሽ ልክ ነበሩ። ደም በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባው ግን አፈሩ ነው። አፈሩን ደግሞ ጫማ ያስቀረዋል። ጫማ ያደረገችውን የሕመምተኛ ልጅ «ዘሯ ነው» ብሎ መተው እንግዲህ ምን ይባላል?

አንድ እምነት ይቀረናል፦ «ዝሆኔ መድኃኒት የለውም» የሚለው። ይህም በምሥራቅ ጎጃም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ሙከራ 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ወዲያው እግር አስተጣጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አገኘ። ሌላው ዓመት ጠበቀ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን እሱም ድርሻው ተሰጠው። ዕጣው ለምን? ሐኪሙ ወይም የቀበሌው ሰው የሚወደውን፣ ወይም ሕመሙ የቀለለውን መርጦ እንዳያስገባ ነው። የተቆጠረው እግር በድንገት እየጋለና እየቀላ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ነበር። የታከመው ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተነሣበት፣ ያልታከመው 23.9 ጊዜ። ልዩነቱ አነሰ? በአረምና በቡና ለቀማ ወቅት ለአንድ ገበሬ አራት ጊዜ ከመተኛት መዳን ምን ማለት እንደሆነ የኢሉባቦርን ሰው ጠይቁት።

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ አዋቂዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ገምተዋል። ይህ ሁሉ ሰው ልጅ አለው፣ እህት አለው፣ የሚታጭ የወንድም ልጅ አለው። ዘመድ ሲያጣራ ጥያቄው አይቀርም፤ እኔም ይቅር አልልም። ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፦ በዚህ ቤት ያሉ ልጆች ጫማ አላቸው? ከሌላቸው፣ ሽማግሌ ከመመለስ ጫማ መግዛት ይረክሳል።