ብዙ መብረርና ብዙ መማር

ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ሁሉ ብዙ የሚያውቅ ይመስለናል። እኔ ግን የዓመት ብዛት ብቻውን ሰውን ዐዋቂ እንደማያደርገው ከአይሮፕላን ነጂዎች ታሪክ ማስረዳት እወዳለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የነጂ ልምድ የሚቈጠረው አየር ላይ በቈየበት ሰዓት ነው። በ1978 ዓ.ም. ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ፖርትላንድ ሊያርፍ ሲል እግሩ በደኅና መውጣቱ አጠራጠረ። አለቃው ከ27,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ስለ እግሩ ሲጨነቅ አንድ ሰዓት ያህል ሰማይ ላይ ዞረ። የበረራው መሐንዲስ ነዳጁ ማነሱን ቢያነሣም ነገሩ ጠንክሮ አልተነገረም፤ አለቃውም ልብ አላለውም። ሞተሮቹ ጠፉ፤ አይሮፕላኑ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ያው መሐንዲስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ኩባንያው በ1981 ዓ.ም. አዲስ ትምህርት ጀመረ፤ ይኸውም አለቃ የበታቾቹን ምክር እንዲጠይቅ፥ የበታችም አደጋ ሲያይ ሳይፈራ እንዲናገር የሚያስተምር ነው። ፍሬው በ1989 ዓ.ም. ታየ። አልፍሬድ ሄይንስ የሚነዳው የዚሁ ኩባንያ አይሮፕላን መሪው አልታዘዝ አለው። ሄይንስ በማዕርጉ ሳይመካ ረዳቶቹን አማከረ፤ ከመንገደኞቹ መካከል የነበረ አንድ የነጂዎች አስተማሪ ሊረዳ ሲመጣም የሞተሮቹን ኃይል እንዲቈጣጠር ፈቀደለት። ሱ ሲቲ በምትባል ከተማ ሲያርፉ አይሮፕላኑ ተሰባብሮ 112 ሰዎች ቢሞቱም 184 ተረፉ። ሄይንስም ያ ትምህርት እንደ ጠቀመው መሰከረ።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በበፋሎ አጠገብ ሌላ አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ፍጥነቱ እንደ ቀነሰ የሚያስጠነቅቀው ምልክት ሲሰጥ፥ አለቃው መሪውን ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ወደ ኋላ ሳበው። የአሜሪካ መንግሥት በዚህ የተነሣ ለረዳት ነጂ 250 የነበረውን ሰዓት በ2013 ዓ.ም. 1,500 አደረገው። ነገር ግን የዚያ አይሮፕላን ሁለቱም ነጂዎች አስቀድመው ከ1,500 ሰዓት በላይ በረው ነበር። ሕጉም ራሱ በጦር ሠራዊት ለሠለጠነ ነጂ 750 ሰዓት ይበቃዋል ይላል፤ እንግዲህ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ይመዝናል ማለት ነው።

ልምድ አያስፈልግም አልልም፤ ሳይበር የሚያውቅ ነጂ የለም። ዳሩ ግን ስሕተትን እየደጋገሙ ሺህ ሰዓት መብረር ስሕተትን ማጽናት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገ አለቃ ስትሆን ስንት ዓመት እንደ ሠራህ ከመቍጠርህ በፊት የበታችህን መስማትህን መርምር። ዛሬ የበታች ከሆንህም በአክብሮት፥ ነገር ግን በግልጥ ተናገር፤ ዝምታ ትሕትና የማይሆንበት ሰዓት አለና።