«ያደረ መዝገብ»፦ ለ«ኮልድ ኬዝ» የሚሆን ስም

የፈረንጅ የወንጀል ፊልም የሚያይ ሰው «ኮልድ ኬዝ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ፍንጭ ጠፍቶ ምርመራው የቆመ፣ ነገር ግን ያልተዘጋ የወንጀል መዝገብ ማለት ነው። አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በካሊፎርኒያ 13 ሰው የገደለው የቀድሞ ፖሊስ የተያዘው በ2018 ነው፤ ያጋለጠው የዘመዶቹ ዲኤንኤ ነበር።

«ቀዝቃዛ መዝገብ» ብንለው አያስኬድም። እኛ ዘንድ ነገር ቀዘቀዘ ማለት ሰው ተወው ማለት ነው። «ደመ ከልብ» የሚል የራሳችን ቃል አለን፤ እሱ ግን ጠያቂ አጥቶ የቀረ ደም ነው፣ አለቀ ይላል። እኔ «ያደረ መዝገብ» እላለሁ። ያደረ ዕዳ አልተከፈለም፣ አልተሰረዘምም።

ቃሉ የሚያስፈልገን ለምሳሌ ለዚህ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ከሁመራ ወደ ታች፣ ከገዳሪፍ ጋር በሚዋሰነው የሱዳን ከሰላ ግዛት፣ ወድ አልሂሌው አጠገብ አስከሬን በወንዝ ይወርድ ጀመር። ወንዙ ተከዜ ነው፤ ሱዳኖች ሰቲት ይሉታል። በቀናት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 50 ተጠጋ። የፊጥኝ የታሰሩ፣ በጥይት የተመቱ ነበሩ። የትግራይን ጦርነት ሸሽተው እዚያ የሰፈሩ ስደተኞች ከውኃው እያወጡ ቀበሯቸው። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፤ ውኃ ውስጥ የሰነበተ ፊት አይለይም። በአንዱ ገላ ላይ ግን በትግርኛ የተነቀሰ ስም ይነበብ ነበር። ከኢትዮጵያ መንግሥት ወገን ነገሩ የሐሰት ዘመቻ ነው ተባለ። ማን ገደላቸው የሚለው ችሎት ፊት ቀርቦ መልስ አላገኘም።

ቃሉ ጥቅምት 30 ቀን 2013 ማይካድራ ላይ ለተገደሉትም ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ቁጥራቸውን ቢያንስ 600 ብሎታል፣ አብዛኞቹም አማሮች ነበሩ። የአንዱን ደም መዝግቦ የሌላውን መተው ምርመራ አይባልም።

ይርጋስ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል ክሱ በ25 ዓመት ይታገዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ግን በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ ያለፍርድ መግደልም ጭምር፣ በይርጋ እንደማይታገድ ይደነግጋል። መዝገቡ የሚጠፋው ምስክር ሲበተን ነው። ድሮ አገር በአውጫጭኝ ተቀምጦ ያየውን ይናገር ነበር፤ የሰቲት ዳር ምስክሮች ግን ስደተኞች ናቸው፣ በሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ነው።

እዚያ የቀበራችሁ፣ ያያችሁ ሁሉ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሟቹን ልብስና ንቅሳት ጻፉ። ፎቶውን አትሰርዙ። ገዳዩን በግምት አትጥሩ። መቃብሩን ባለሙያ እስኪመጣ አትንኩት።