የማን አጥንት ነው? ከተነቀለ ጥርስ በኋላ የሚመጣው የቆየ ጥያቄ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደገ ልጅ ሥጋ ግዛ ተብሎ ሲላክ ከዋጋው በፊት የሚያየው ነገር አለ፤ የሥጋ ቤቱ ምልክት መስቀል ነው ወይስ ጨረቃ? ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ ይጋባሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ። ሠርግ ሲሆን ግን ለየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። «ማን አረደው?» ብሎ መጠየቅ እዚያ ነውር አይደለም።

ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ጥርስ ሐኪም እንሂድ። አንድ ቀን የመንጋጋ ጥርሳችሁ ተነቅሎ ሐኪሙ «በኋላ ኢምፕላንት የምታስተክሉ ከሆነ ጉድጓዱን በአጥንት እንሙላው» ቢላችሁ፣ የሚሞላው ነገር ከምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? ሲያዩት ደቃቅ ነጭ ፍርፋሪ ነው። ብዙ ጊዜ የከብት አጥንት ነው። ከሞተ ሰው የተለገሰም አለ፣ ከአሳማ የተሠራም አለ፣ ከማንም ያልመጣ ሰው ሠራሽም አለ። ሐኪሞች «የትኛው ይሻላል?» ብለው ሲከራከሩ ታካሚዎች ደግሞ «የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ጥያቄ የመሃይም ጥያቄ የሚመስለው ሰው ካለ ታሪኩን አላነበበም ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ለምን ይሞላል? ጥርስን የያዘው የመንጋጋ አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው። ጥርሱ ሲሄድ አካላችን «ለማን ብዬ ልቀልበው?» ያለ ይመስል አጥንቱን ያሟሽሸዋል። ጥናቶች እንዳሳዩት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ብቻ ከአጥንቱ ስፋት ከ29 እስከ 63 በመቶ የሚሆነው ሊጠፋ ይችላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጆርጂያ ውስጥ ድማኒሲ በተባለ ቦታ የተገኘ፣ 1.77 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የጥንት ሰው የራስ ቅል አለ። ከአንድ ጥርስ በቀር ሁሉንም በሕይወት ሳለ አጥቷቸዋል፤ ጉድጓዶቹም ተደፍነው መንጋጋው ለስልሷል። ጥርሶቹ ከወደቁ በኋላ ዓመታት እንደኖረ የምናውቀው በዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ ጥርሱ የተነቀለ ሁሉ ሙሌት ያስፈልገዋል እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ጉድጓድ ደም ረግቶበት በራሱ ይድናል። ሙሌት የሚታሰበው በተለይ ኢምፕላንት፣ ማለትም ታይታኒየም የተባለ ብረት ሥር ሆኖ ሲተከል ነው፤ ብረቱ የሚቆምበት በቂ አጥንት ይፈልጋል። የጭቃ ቤት ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ሙሌቱ ማገሩ ነው። ጭቃውን የሚመርገው የራሳችሁ አካል ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ስለ አጥንት ንቅለ ተከላ ከሚነገሩት ሁሉ ቀዳሚው ታሪክ የሚገኘው ዮብ ፋን ሜክረን በተባለ የአምስተርዳም ቀዶ ሐኪም መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1668 ነው። አንድ የሩሲያ ወታደር ጭንቅላቱን በሰይፍ ተመቶ አጥንቱ ይጎድላል። ሐኪሙ የውሻ ራስ ቅል ቆርጦ ጉድለቱን ይደፍንለታል። ሰውየው ዳነ። ቤተ ክርስቲያን ግን የውሻ አጥንት የተሸከመ ሰው ምእመን አይሆንም ብላ አወገዘችው። ወታደሩ ተመልሶ ሄዶ «አውጡልኝ» አለ፤ ቁስሉ ሲታይ አጥንቱ ገጥሟል። እኔ በበኩሌ ያ የውሻ ቁራጭ እንዳለ ሕይወት ዘራ ብዬ አላምንም፤ የወታደሩ የራሱ አጥንት ከዳር እያደገ ውጦት ይሆናል። ግን አያችሁ? በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ እንኳ ሰውየው ያስጨነቀው ሕመሙ ሳይሆን የአጥንቱ ባለቤት ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ አጥንት ዘር ነው፤ «አጥንት ቆጠረ» ስንል የትውልድ ሐረግ መዘዘ ማለታችን ነው። የሌላ አጥንት መቀበል ቀላል ቃል አይደለም።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ1880 አካባቢ፣ ዊልያም ማክዩወን የተባለ የግላስጎው ሐኪም በኢንፌክሽን የክንድ አጥንቱን ላጣ ትንሽ ልጅ ሌሎች ሕፃናት እግራቸው ሲቃና የተቆረጠውን አጥንት ተከለለት። የአንዱ አጥንት ለሌላው እንደሚሆን ታየ። በ1949 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሟቾች የተለገሰ አጥንት የሚያስቀምጥ ባንክ አቋቋመ። ለመንጋጋ ግን ሐኪሞች እስከ ዛሬ ሌላውን ሁሉ የሚመዝኑት በታካሚው በራሱ አጥንት ነው። ከአገጭ፣ ከታችኛው መንጋጋ ጀርባ ወይም ከዳሌ ይወሰዳል። የማን ነው የሚል ጥያቄ የለበትም፤ ሕያው ሴሎችም አሉት። ችግሩ አንዱን ቁስል ለመሙላት ሌላ ቁስል መክፈት ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ የሳይንሱ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው። የዶሮ አጥንት ኮምጣጤ ውስጥ ለቀናት ብትዘፈዝፉ ማዕድኑ ይሟሟና እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፤ የቀረው ፕሮቲን ነው። እሳት ውስጥ የቆየ አጥንት ደግሞ ነጭና ተሰባሪ ይሆናል፤ ፕሮቲኑ ተቃጥሎ የቀረው የካልሲየምና የፎስፈረስ ማዕድን ነው። የሙሌት ታሪክ በእነዚህ ሁለት መንገዶች የተከፈለ ነው። በ1965 ማርሻል ዩሪስት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ማዕድኑ በአሲድ የወጣለትን አጥንት ጥንቸል ጡንቻ ውስጥ አስገባ። ጡንቻ ውስጥ አዲስ አጥንት በቀለ! ፕሮቲኑ ውስጥ አካልን «አጥንት ሥራ» ብሎ የሚያዝ መልእክት አለ ማለት ነው። በሌላው መንገድ የሄዱት ደግሞ የከብትን አጥንት በሙቀትና በኬሚካል አጥበው ሥጋውን፣ ስቡን፣ ፕሮቲኑን አስወግደው ማዕድኑን ብቻ አስቀሩ። ይኸኛው ትእዛዝ አይሰጥም። ማገር ነው፣ በቃ። ቶሎ ስለማይሟሟ ግን ቦታውን ለረዥም ጊዜ ይይዛል።

ታዲያ ሥጋም ደምም የሌለው የከብት ማዕድን «የማን እርድ» ይባላል? ብይኑ የእኔ አይደለም። በ1995 ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ የእስልምና ሕግ ሊቃውንትና ሐኪሞች ከርኩስ እንስሳ አጥንትና ቆዳ የተሠራ ጄላቲን እንኳ ባሕርይው ስለተለወጠ ንጹሕ ነው ብለው ነበር፤ ሁሉም ሊቃውንት ግን አልተስማሙም። በክርስቲያኑ በኩል «በጾም ቢገባስ?» የሚል ቢኖር አልስቅበትም። የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

እምነት የሌለውም ሰው ቢሆን «ከየት አገር ከብት?» ማለት አለበት። በ1986 ብሪታንያ ውስጥ የእብድ ላም በሽታ ሲታወቅ ነገሩ ተለወጠ። የበሽታው መንስኤ በተራ ማፍላት የማይጠፋ ፕሮቲን በመሆኑ አምራቾች የእንስሳውን አገርና ጤና መዝግበው መያዝ ግድ ሆነባቸው። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የምታገኟት ኮምቦልቻ የሥጋና የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ አጥንት አይቸግራትም። «እዚሁ ለምን አይሠራም?» ለምትሉ፣ አጥንቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የእያንዳንዱን ከብት ጤና መከታተል፣ ፕሮቲኑ ማለቁን በላቦራቶሪ ማረጋገጥና ከጀርም ነፃ አድርጎ ማሸግ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ መሆናቸው ለእንዲህ ያለ ምርምር የሚመች ይመስለኛል።

ከእንስሳ መሸሽ ለሚፈልግ ጄሶ አለ። አዎ፣ ያው የስብራት ጄሶ! በ1892 ድሬስማን የተባለ ጀርመናዊ የአጥንት ጉድጓድ በጄሶ እንደሞላ ጽፏል። አካል ይቀበለዋል፤ ግን አጥንቱ በደንብ ሳይደርስ በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል። ዛሬ የሚመረጡት ሰው ሠራሾች የካልሲየምና የፎስፌት ውሁዶች ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የተነቀለው ጥርስ ራሱ። የጥርስ ውስጠኛ ክፍል አሠራሩ ከአጥንት ጋር በጣም ይቀራረባል። በ1967 የዩሪስት ባልደረቦች ማዕድኑ የወጣለት ጥርስም አጥንት እንደሚያበቅል አሳዩ። ኮሪያ ውስጥ በ2009 የጥርስ ባንክ ተከፈተ። ጥርሳችሁ ተፈጭቶ፣ ታክሞ፣ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። በጣም የተበላሸ ወይም ኢንፌክሽን የያዘው ጥርስ ሁልጊዜ አይሆንም፤ ማዘጋጃው መሣሪያም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ስለሚያልፈው ልንገራችሁ። ፍርፋሪው ከተሞላ በኋላ ብዙ ጊዜ ከላይ ስስ ሽፋን ይደረግበታል፤ ድዱ ቀድሞ እንዳይገባ ነው። ፍርፋሪው የከብት ሆኖ ሽፋኑ ከአሳማ ኮላጅን ሊሆን ይችላል፤ የሚመጡትም በተለያየ እሽግ ነው። ስለዚህ ስለ ሁለቱም ጠይቁ፣ ከመነቀሉ በፊት። ማሸጊያው ላይ «ቦቫይን» ካለ ከብት ነው፣ «ፖርሳይን» አሳማ፣ «አሎግራፍት» የሌላ ሰው፣ «ሲንተቲክ» ሰው ሠራሽ። ሐኪሙ ሳያሳያችሁ ከቀረ «ማሸጊያውን ልየው» በሉት።