ዘነበወርቅና የንግድ ጢስ ቆጠራ

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በአቅራቢያው፣ በረጲ፣ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው ስፍራ አለ። ይህን ስፍራ ለጥናታችን የመረጥነው፣ መንግሥታት የንግድ ዕቃን የካርቦን ጢስ እንዴት እንደቆጠሩና ምን እንደዘለሉ ስለሚያሳይ ነው።

እንደሚታወቀው በ1984 ዓ.ም. ለፊርማ በቀረበው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነትና በ1990 ዓ.ም. በተከተለው የኪዮቶ ውል መሠረት የሚቀርበው ሒሳብ አንድ ደንብ አለው፤ ይኸውም ጢሱ በወጣበት አገር ስም ይጻፍ የሚል ነው።

ደንቡን ለመመርመር ከቻይና የመጣ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን እንከተል። ካርቶኑ ሲሠራ የወጣው ጢስ በቻይና ሒሳብ ይገባል። ባሕር ያሻገረው መርከብ ጢስ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ በማንም አገር ድምር ውስጥ አይገባም። ከጅቡቲ የጫነው የከባድ መኪና ጢስ ነዳጁ በተሸጠበት አገር ይጻፋል። በመጨረሻም ካርቶኑ ቆሼ ተጥሎ፣ አየር አጥቶ ሲበሰብስ፣ ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀትን በማመቅ ረገድ እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህኛው ሒሳብ የኢትዮጵያ ነው። ፕላስቲክ ግን እንዲህ አይበሰብስም፤ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ የሚቃጠለው ፕላስቲክ ጢስ ግን እንዲሁ በኢትዮጵያ ስም ይጻፋል።

ሁለተኛው አቆጣጠር ጢሱን ዕቃውን ለተጠቀመበት አገር ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ አንዳንድ ባለጸጋ አገሮች ቀነስን ከሚሉት ጢስ ከፊሉ ወደ ውጭ ፋብሪካዎች የተዛወረ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ብረት ጢስ ይጨመርባታል፤ ስለዚህ ይህ ሒሳብ ለድኃ አገር ሁሉ ያዳላል ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረትም ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ አሉሚኒየምና ማዳበሪያ የሚያስገቡ ነጋዴዎች ዕቃው ሲሠራ የወጣውን ጢስ እንዲያስታውቁ አዟል። ቆጠራው ዕቃውን መከተል ጀመረ፤ ነገር ግን በወደብ በር ላይ ይቆማል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በክምሩ ዙሪያ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ የሚተዳደሩ ነበሩ። ተለቅሞ ወደ ፋብሪካ የተመለሰ ብረት ከማዕድን አዲስ ብረት ለማውጣት የሚወጣውን ጢስ ያስቀራል። ይሁን እንጂ ድካማቸው በየትኛውም አገር መዝገብ በስማቸው አልተጻፈም። ስለዚህ የንግድን ጢስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከፋብሪካውና ከወደቡ አልፎ ዕቃው እስከሚጣልበት ድረስ መሄድ እንደሚገባው እናምናለን።