መልክና ትርጉም፦ የድረ ገጽ ጽሑፍ ወደ አዲስ ቤት ሲሻገር



የዛሬው ርእሴ ከላይ ሲታይ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ድረ ገጾች የሚጻፉበት ኤችቲኤምኤል የተባለው የምልክት ቋንቋ፣ የዘመኑ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ወደሚያስቀምጡት በመዋቅር የተደራጀ ጽሑፍ የሚለወጥበትን መንገድና ታሪኩን እናገራለሁ። ጥያቄው ግን ከኮምፒውተር እጅግ የቆየ ነው፤ ጽሑፍ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲሻገር ምኑ መዳን አለበት?

የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው ሁለት ቀለም ያያል። ቁም ጸሐፊው ዋናውን ንባብ በጥቁር፣ የክፍሉን መነሻ መስመሮችና የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፋል። ቀዩ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለአንባቢው «አዲስ ክፍል እዚህ ይጀምራል»፣ «ይህ ስም ከሌላው ቃል የተለየ ነው» ይለዋል። ስለዚህ ሁሉን በጥቁር የሚገለብጥ ሰው አንድ ፊደል ሳይገድፍ ትርጉም ሊያጠፋ ይችላል።

ማርክአፕ የሚለው ስያሜም የመጣው ከእንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ነው። በምዕራባውያን ማተሚያ ቤቶች አርታኢው በረቂቁ ኅዳግ ላይ ለፊደል ለቃሚው ትእዛዝ ይጽፍ ነበር፤ ይህ ይደምቅ፣ ያ ይዘምም እያለ። ኮምፒውተር ሲመጣም መጀመሪያ የወረሰው ይህንኑ የመልክ ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን በአይቢኤም ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የሕግ ቢሮዎችን የሰነድ አያያዝ ሲያጠኑ ሌላ መንገድ ያዙ። ምልክቱ «ይህን አድምቀው» ከሚል ይልቅ «ይህ ርእስ ነው» ቢል፣ አንዱ ሰነድ ለኅትመትም፣ ለፍለጋም፣ ለማከማቻም ያገለግላል። የቋንቋቸው ስም ጂኤምኤል ሲሆን፣ ሦስቱ ፊደላት የሦስቱ ሰዎች የአባት ስም መነሻዎች ናቸው። ከእርሱ የተወለደው ኤስጂኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማእከል ኤችቲኤምኤልን የቀረጸውም የዚህን ቤተሰብ አጻጻፍ ተከትሎ ነው።

የመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል ጥቂት ታጎች ብቻ ነበሩት፤ አብዛኞቹም ርእስ፣ አንቀጽ፣ ዝርዝር፣ ማስፈንጠሪያ የመሳሰሉ የመዋቅር ስሞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ድረ ገጽ በሕዝብ እጅ ሲገባ ሰው ሁሉ ገጹ እንዲያምርለት ፈለገ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፎንት ታግ መጣ፤ ሠንጠረዥም ለቁጥር መደርደሪያ መሆኑ ቀርቶ የገጽ ማስዋቢያ ሆነ። መልክን ለብቻው የሚገልጸው ሲኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1996 ጸደቀ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ኤችቲኤምኤል 4 ደግሞ የፎንት ታግ እንዳይዘወተር መከረ። ምክሩ ሲደርስ ግን እጅግ ብዙ ገጾች አስቀድመው ተጽፈው ነበር።

አሁን ወደ ለውጡ ሥራ እንምጣ። የዛሬ አንባቢ ጽሑፉን በስልክም፣ በኮምፒውተርም፣ በድምፅ አንባቢም ስለሚቀበለው፣ ሥርዓቶች ይዘቱን ከመልኩ ለይተው ማስቀመጥ ይመርጣሉ። ፖርተብል ቴክስት የተባለውን አቀማመጥ ለአብነት ብንወስድ፣ ጽሑፉ የክፍሎች ተራ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ርእስ ወይም ተራ አንቀጽ መሆኑን ይናገራል፤ በውስጡም ቁርጥራጭ ጽሑፎች አሉ። በኤችቲኤምኤል አንድ ሐረግ ደማቅም ማስፈንጠሪያም ሲሆን፣ ታጎቹ እንደ ሣጥን በሣጥን አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባሉ። በአዲሱ አቀማመጥ ግን ሣጥኖቹ ይፈታሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የሚመለከቱትን ምልክቶች በዝርዝር ይይዛል።

ለዋጩ ፕሮግራም በመጀመሪያ ገጹን ተንትኖ የታጎቹን ዛፍ ይሠራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ታግ በማዛመጃ ሠንጠረዥ ውስጥ አቻ ይፈልጋል። አቻ ያጣው ታግ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ከነውስጡ ይጣላል፣ ወይ ልብሱ ተገፎ ጽሑፉ ብቻ ይቀራል። ባለሙያዎች የፎንት ታግን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ፍርድ ያሰናብቱታል፤ መልክ እንጂ ትርጉም የለውምና።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከዓመታት በፊት የቆዩ የትምህርት ገጾችን ወደ አዲስ ሥርዓት የማሻገር ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ሕጉን የጻፍሁት ራሴ ነኝ፦ የፎንት ታጉን ጣል፣ ጽሑፉን አስቀር። የእንግሊዝኛዎቹን ገጾች አየሁ፤ ንጹሕ ነበሩ። አሮጌው ማሽን ተደምስሶ ለሌላ ሥራ ተሰጠ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ተማሪ መጥቶ «መምህር፣ የአማርኛው ገጽ አልነበብ አለኝ» አለኝ። ከፍቼ ባየው ከላይ እስከ ታች ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኗል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፎንት በተለምዶ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤታቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንድ ሠሪዎች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ አንዱ ኮድ በመጀመሪያው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ሆነ። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የፎንት ታጉ ብቻ ነበር። እኔ እንደ ጌጥ የጣልሁት የንባቡን ቁልፍ ነበር።

በአንድ ፎንት የተጻፉትን ገጾች በማዛመጃ ሠንጠረዥ መለስናቸው። በሁለት ፎንት ከተጻፉት መካከል ግን ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ መምህር ከገጠር ሽማግሌዎች የሰበሰቡት የቃል ታሪክ ነበረበት፤ የታተመ ቅጂም አልተገኘም። በተጠራጠርሁበት ፊደል ሁሉ ሁለቱን አማራጮች እያነጻጸርሁ በዓይኔ አነበብሁት። አብዛኛውን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መለሰልኝ። «ወንዝ»፣ «ማሳ»፣ «ድርቅ» የሚሉት ቃላት ከአካባቢያቸው ይታወቃሉ። የተራኪዎቹን ስም ግን ዓረፍተ ነገር አይመልሰውም፤ ሁለቱም ንባብ ስም ሊሆን ይችላልና። ከእነዚያ ሽማግሌዎች የአንዳንዶቹ ስም እስከ ዛሬ በጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ጥንት ቁም ጸሐፊው ስምን በተለየ ቀለም የሚጽፈው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለተማሪዎቼ የምተወው ምክር አጭር ነው። ለዋጭ ፕሮግራም ስትጽፉ ዋናውን ገጽ አትደምስሱ፤ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይቀመጥ። አቻ ያጣ ታግ በዝምታ አይጣል፤ ይመዝገብና ሰው ይየው። ከሁሉ በፊት ደግሞ «ይህ ምልክት ለጻፈው ሰው ምን ይሠራለት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልክን ከትርጉም መለየት ከ1969 ጀምሮ ብዙ ፍሬ ያፈራ ሐሳብ ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ድንበሩ ሁልጊዜ ከሠንጠረዡ መስመር ጋር አይገጥምም፤ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ በሰው ማስተዋል መፈለግ አለበት።