ኪችነርን የገደለው ፈንጂ

ሎርድ ኪችነር ለሱዳናውያን እንግዳ ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1898 ኦምዱርማን ላይ የኸሊፋ አብዱላሂን ጦር በመትረየስና በመድፍ የፈጀው፣ ከድሉም በኋላ የማህዲውን መቃብር ያስፈረሰው እሱ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ደግሞ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር ሆነ። በ1916 ባህር ውስጥ ሰጥሞ ሲሞት ብዙ ሰው «ማን ገደለው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ ተብሎም ብዙ ወሬ ተወራ።

ውድ ወጣቶች፣ እውነተኛው መልስ ያለው እምብዛም በማይወራላቸው የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ታሪክ ውስጥ ነው።

ሰርጓጅ መርከብ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ቶርፒዶ ነው። ከዩ-71 እስከ ዩ-80 የተሰየሙት 10 መርከቦች ዋና ሥራ ግን ፈንጂ መዝራት ነበር። እያንዳንዳቸው 34 ያህል ፈንጂ ይዘው ከኋላ ባሉ ሁለት ቱቦዎች ወደ ባህሩ ይለቁ ነበር። ሞተራቸው ደካማ ስለሆነ በውሃው ላይ ሲሄዱ እንኳ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አያልፍም። የሚያስፈሩት ሳይታዩ መጥተው ሳይታዩ በመሄዳቸው ነው።

ፈንጂው መልህቅ አለው። መልህቁ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ፈንጂው በገመድ ታስሮ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። በላዩ ላይ ቀንድ የመሰሉ ነገሮች አሉ። መርከብ ሲገጫቸው በውስጣቸው ያለው ብርጭቆ ይሰበርና አሲዱ ይፈሳል፤ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ፈንጂው ይፈነዳል። የቀበረው ሰው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ ለፈንጂው ምኑም አይደለም።

በሜይ 1916 መጨረሻ ዩ-75 በአዛዡ ኩርት ባይትሰን እየተመራ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ወዳሉት የኦርክኒ ደሴቶች መጣ። ከደሴቶቹ በስተምዕራብ ፈንጂዎቹን ዘርቶ ተመለሰ። የታሰበው በአካባቢው ሰፍሮ ለነበረው ታላቁ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ስብስብ እንጂ ለኪችነር አልነበረም። ኪችነር በዚያ እንደሚያልፍ ባይትሰን አያውቅም ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ ጁን 5 ቀን፣ ኪችነር ወደ ሩሲያ ለመሄድ ሃምፕሻየር በተባለው የጦር መርከብ ተሳፈረ። ማዕበሉ ከባድ ስለነበር መርከቡ ከነፋሱ ለመከለል የምዕራቡን ዳርቻ ይዞ ሄደ። ነፋሱ ግን አቅጣጫውን ቀየረ። ሁለቱ አጃቢ መርከቦች ማዕበሉን መቋቋም አቅቷቸው እንዲመለሱ ታዘዙ። መንገዱ ከፈንጂ አልጸዳም ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ሃምፕሻየር ፈንጂ መታው፤ በ15 ደቂቃ ያህል ጊዜም ሰጠመ። ከ700 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የተረፉት 12 ብቻ ናቸው። የኪችነር አስከሬን አልተገኘም።

ወሬው የተነሳው ከዚህ ነው። አንዱ «ሰላዮች አሳልፈው ሰጡት» አለ፤ ሌላው «አልሞተም፣ ተደብቋል» አለ። መንግሥት ዝርዝሩን ለዓመታት አፍኖ መያዙ እሳቱ ላይ ጭድ ጨመረ። በ1926 አንድ ሰው የኪችነርን አስከሬን አመጣሁ ብሎ ሣጥን ለንደን አስገባ። ሣጥኑ ሲከፈት አስከሬን የሚባል ነገር አልነበረበትም።

በዚያው በ1916፣ በኖቬምበር፣ የዚሁ ዓይነት መርከብ የሆነው ዩ-73 ግሪክ አጠገብ የዘራው ፈንጂ ብሪታኒክ የተባለውን ታላቅ የሆስፒታል መርከብ አሰጠመ። ከ1,000 በላይ ተሳፋሪዎች መካከል 30 ሰዎች ሞቱ። ለጦር መርከብ የተዘጋጀ ፈንጂ ሐኪሞችንና ነርሶችንም አይለይም። ዩ-75 ራሱም በዲሴምበር 1917 በፈንጂ ተመቶ ጠፋ።

ትልቅ ሰው ሲሞት ትልቅ ሴራ መፈለግ የሰው ልማድ ነው። ኪችነርን የገደለው ግን ለሌላ ሰው የተቀበረ ፈንጂ፣ የተቀየረ ነፋስና ያልተጠረገ መንገድ ነው። ዛሬም ስልካችን ላይ «ምስጢሩ ተጋለጠ» የሚል ጽሑፍ ሲደርሰን፣ ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት ሣጥኑን ከፍተን እንይ።