ዳቦውን መጀመሪያ መረቅ ያስነካው ማን ነው?

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ማኅበራችን እንዴት እንደተጀመረ ሁለት እናቶች ሁለት የተለያየ ታሪክ ነገሩን። አንደኛዋ ከለቅሶ ቤት መልስ ነው አሉ፤ ሁለተኛዋ የለም፣ ከዕቁብ ነው የተነሣው ብለው ሞገቱ። ቃለ ጉባኤ ብናገላብጥ የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ የለም። ያን ዕለት የምንኖርባት ሎስ አንጀለስ ለብዙ ዓመታት የተሟገተችበት አንድ ሳንድዊች ትዝ አለን።

ከዩኒየን ባቡር ጣቢያ ጥቂት እልፍ ብሎ፣ አላሜዳ ጎዳና ላይ ፊሊፕስ የሚባል ምግብ ቤት አለ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሷል፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ረጅም ጠረጴዛ ተጋርቶ ይበላል። የታወቀበት ምግብ «ፍሬንች ዲፕ» ይባላል። በምድጃ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ በትኩሱ ተቆርጦ ዳቦ ውስጥ ይገባል፤ ዳቦው ደግሞ ሥጋው ሲጠበስ የወጣውን መረቅ ይነካል። የበግም አለ። ሰናፍጩ እዚያው የሚዘጋጅ ነው፤ እናቶቻችን ለጾም እንደሚያዘጋጁት አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ቤቱን በ1908 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የከፈተው ፊሊፕ ማትዩ የሚባል ከፈረንሳይ የመጣ ስደተኛ ነው። ቤቱ የሚነግረን ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ1918፣ አሊሶ ጎዳና ላይ ሳሉ፣ ማትዩ ለአንድ ፖሊስ ሳንድዊች ሲያዘጋጅ ዳቦው አምልጦት መረቅ ካለበት መጥበሻ ውስጥ ወደቀ። ፖሊሱም ግድ የለም፣ እንዲሁ ስጠኝ ብሎ በላ፤ በማግስቱ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ጥሩ ታሪክ ነው። ችግሩ ማትዩ ራሱ በ1951 ለጋዜጣ ሲናገር ስለ መውደቅ አላነሣም። አንድ ደንበኛ ከመጥበሻው ሥር የቀረውን መረቅ አይቶ ዳቦውን እንዲነክርለት ጠየቀ፤ ያዩ ሌሎችም ተከተሉ ነው ያለው። ስሙም አንድ መልስ የለውም። ከማትዩ አገር ነው የሚል አለ፣ «ፍሬንች ሮል» ከሚባለው ዳቦ ነው የሚል አለ፣ የፖሊሱ ስም ፍሬንች ነበር የሚልም አለ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀያዮቹ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ይነሡበት በነበረው በፓስፊክ ኤሌክትሪክ ሕንፃ ውስጥ፣ ሄንሪ ኮል በዚያው በ1908 ኮልስን ከፈተ። የኮልስ ወገኖች ድዱን ያመመው ደንበኛ ዳቦው ስለደረቀበት መረቅ ውስጥ ተነከረለት ይላሉ። እነሱ ዘንድ መረቁ ለብቻው ይቀርብ ነበር፤ ተመጋቢው ራሱ ያጠቅስ ነበር። ፊሊፕስ ግን ነክረው ነው የሚሰጡት። ደረቅ እንጀራ በወጥ ፈትፍተን ያደግን ሰዎች ሁለቱም ቤቶች ይህን «ፈጠራ» ሲሉት ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ደረሰኝ የሌለውን ወጪ፣ ሁለት ሰው ቢምልበትም፣ አንመዘግብም። እዚህ ደረሰኝ ያቀረበ የለም። በመዝገብ የሚገኘው ሌላ ነው። ማትዩ በ1927 ቤቱን ለማርቲን ወንድማማቾች ሸጠ። በ1951 አውራ ጎዳና ሊሠራ ቤቱ ከቦታው ተነሥቶ ወደ አላሜዳ መጣ። አንድ ስኒ ቡና እስከ 1977 ድረስ 5 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያ 10 ሳንቲም ሆነ፣ በ2012 ደግሞ 45። ለ35 ዓመት ያልተነካ ዋጋ! የቡናው ኪሳራ በሥጋው ሳይካካስ አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ ዓይናችንን የሳቡት ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙት «ካርቨር» የሚባሉት ሥጋ ቆራጮች ናቸው፤ ከድሮ ጀምሮ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ትእዛዝ የምትቀበለውም፣ ሥጋ የምትቆርጠውም፣ ዳቦውን የምትነክረውም ያችው አንዲት ሴት ናት። በሦስቱም ታሪኮች ውስጥ ግን አንዲት ሴት አልተነሣችም። ድዱን ያመመው ሰውስ ማን ነበር? የባለቤቶቹ ስም በበሩ ላይ ተጽፏል፤ የእሱን የጻፈ የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወር የሁለቱንም እናቶች ቃል በየቤታቸው ሄደን እንቀዳለን። የመጀመሪያው ዓመት የመዋጮ ደብተር፣ ፎቶግራፍ ወይም የዕቁብ ዕጣ ወረቀት ያላችሁ አባላት ለማኅበሩ ጸሐፊ አድርሱልን። ታሪኮቹ ባይስማሙም ሁለቱንም እንጽፋለን፤ በዚያ ለቅሶ ቤት ቡና ያፈሉትንም ሴቶች ስም ጭምር።